ልጄ፣ ማውሱን ከመያዝሽ በፊት

ልጄ፣ በኮምፒውተር የስሪዲ ንድፍ መማር መጀመርሽን እናትሽ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። ደስታዬ መሐል ግን ትንሽ ሐሳብ ገባ። ሌሊቱን ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠሽ ታድሪያለሽ አሉ። ከቪዲዮ ላይ እያየሽ ቪላ ትሠሪያለሽ አሉ። ቪላውን እናትሽ በስልኳ አሳይታኛለች፤ ያምራል። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ግቢው ሣር ለብሷል፣ በሩ ላይ ነጭ መኪና ቆሟል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የዚያ ቪላ ደረጃ ስንት እርከን አለው? አንዱ እርከን ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል? ካላወቅሽው አልቆጣሽም። ማወቅ እንደምትችይ ግን አውቃለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ደረጃውን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቤት አለ እንበል። እርከኑ 17 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል 18 ጊዜ መውጣት ያስፈልጋል፤ 18 በ17 ሲባዛ 306 ነውና። መርገጫዎቹ ግን 17 ናቸው፤ የመጨረሻው መርገጫ ፎቁ ራሱ ነው። አንዱ መርገጫ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ደረጃው ሳይታጠፍ ቢወጣ 5 ሜትር ከ10 ቦታ ይወስዳል። አሁን ቪላሽን ክፈቺና ለደረጃው ስንት ሜትር እንደተውሽለት ለኪ። ሦስት ሜትር ብቻ ከሆነ የሳልሽው ደረጃ ሳይሆን መሰላል ነው። መሰላል ላይ ደግሞ እናትሽ የቡና ረከቦት ይዛ አትወጣም።

ኮምፒውተሩ ይህን አይነግርሽም። እሱ ታዛዥ ነው። በሩን 50 ሳንቲ ሜትር አድርግ ብትይው ያደርጋል። አራት ሜትር አድርግ ብትይውም ያደርጋል። ግድግዳው አየር ላይ ቢቆም አይደነግጥም፤ ፎቁ ያለ ምሰሶ ቢንሳፈፍ አይጮኽም። ይባስ ብሎ ብርሃንና ጥላ ጨምሮ ያሳምርልሻል። ስሕተት ሲያምር ለማየት ያስቸግራል፤ የምፈራልሽም ይህንን ነው። አስቀያሚ ስሕተት ቶሎ ይታረማል። ያማረ ስሕተት ግን ሲሚንቶ እስኪፈስበት ድረስ ማንም አይነካውም።

በእኛ ጊዜ ንድፍ የሚሠራው በቲ ስኩዌርና በራፒዶግራፍ እስክሪብቶ፣ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ነበር። መስመር ከተሳሳተ ቀለሙ በምላጭ እየተፋቀ ይነሳል፤ ወረቀቱ እንዳይቀደድ እጅ ይጠነቀቃል። ያ ይሻል ነበር አልልሽም፤ አይሻልም ነበር። ወገብ ያሳምማል፣ ዓይን ያደክማል፣ ባለቤቱ አንዲት መስኮት አንሱልኝ ሲል የአንድ ሳምንት ሥራ ይበላሻል። አንድ ነገር ግን ነበረው። መፋቁ ስለሚያስጠላ ሰው ከመሳሉ በፊት ያስብ ነበር። አንቺ ዛሬ በአንዲት ቁልፍ ታጠፊዋለሽ። ቁልፏ መልካም ናት። እሷን ተማምነሽ ማሰቡን እንዳትተዪ ነው ፍርሃቴ።

ይህን የምጽፍልሽ ሐዋሳ፣ ጉዱማሌ ተቀምጬ ነው። ቦታውን ታውቂዋለሽ፤ የሲዳማ ሕዝብ ፊቼ ጫምባላላን የሚያከብርበት ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። የሲዳማ አባቶች ለሶንጎ፣ ለሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ አይተሽ ይሆናል። ነገሩ ከዚህም ከዚያም ወገን ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። የቸኮለ ወጣት ቢኖር እንኳ ቆይ ይባላል። አንቺም ዕቃን እንደዚያ አድርጊው። ከፊት እዪው፣ ከላይ እዪው፣ ከጎን እዪው። ሦስቱም እስኪስማሙልሽ ድረስ አትፍረጂ።

ይህ የሦስት እይታ ነገር መምህራን ተማሪ ለማስጨነቅ ያመጡት አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት ጋስፓር ሞንዥ የተባለ ፈረንሳዊ፣ ምሽግ የሚሠሩ መሐንዲሶችን ሲያስተምር ሥርዓት ያበጀለት ነው። ጠጣር ነገርን በዝርግ ወረቀት ላይ፣ ምንም ልኬት ሳይጠፋ ማስፈር ተቻለ። ፈረንሳዮች ለዓመታት የጦር ምስጢር አድርገው ይዘውት ነበር። እስቲ አስቢው፤ ዛሬ አንቺ አሰልቺ ነው ብለሽ የዘለልሽው ትምህርት ያኔ እንደ መድፍ ይጠበቅ ነበር። አንድን ነገር በሦስት እይታ ወረቀት ላይ መሳል ከቻልሽ፣ ስሪዲው ግማሽ መንገድ አልቋል። ካልቻልሽ ግን ሶፍትዌሩ አያስተምርሽም። ሞዴሉን እያዟዟርሽ የገባሽ ይመስልሻል እንጂ አልገባሽም።

ታዲያ በምን ልጀምር ትይኝ ይሆናል። በቪላ አይደለም። ቤታችሁ ያለችውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አንሺ፤ ከአንድ ግንድ ተጠርባ የወጣችውን። ቀላል ትመስላለች፤ አይደለችም። መቀመጫዋን ወዲህና ወዲያ ለኪ። በእጅ የተጠረበ ነገር ስለሆነ አንዱ 31፣ ሌላው 30 ሳንቲ ሜትር ይሆንብሻል። ሁለቱንም ጻፊ፤ አንዱን መርጠሽ ሌላውን አትደብቂ። ከዚያ ጎድጓዳው አለ። በመቀመጫዋ ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድሚ፤ መሐል ላይ ሌላ ማስመሪያ ወደ ታች ስደጂና ጥልቀቱን አንብቢ። በየሦስት ሳንቲ ሜትሩ ደጋግሚው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ አድርገሽ ብታገናኚያቸው የመቀመጫዋ ጉብጠት በዓይንሽ ፊት ይወጣል።

እግሮቿ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ናቸው። ስንት እንዳዘነበሉ እንዴት ታውቂያለሽ? በርጩማዋን ትልቅ ወረቀት ላይ አቁሚና የሦስቱን እግር ጫፍ በእርሳስ ክበቢ። ከዚያ ክር ላይ ብሎን አስረሽ ቱንቢ ሥሪ፤ እግሩ ከመቀመጫዋ ከሚነሳበት ቦታ አውርጂው። ቱንቢው ወረቀቱን የነካበትና እግሩ የቆመበት ቦታ ልዩነት አለው። ዝንባሌው ያ ነው። ይህን ሁሉ ጽፈሽ፣ ሦስቱን እይታ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሠርተሽ ስትጨርሺ ብቻ ኮምፒውተሩን ክፈቺ። ያን ጊዜ ጉብጠቷን በመሐል ዘንግ ዙሪያ በማዞር መቀመጫዋን ታወጪያታለሽ። አንድ እግር ሠርተሽ በ120 ዲግሪ ሦስት ጊዜ ታባዢዋለሽ። ጣትሽ ሥራውን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል፤ ጭንቅላትሽ ቀድሞ ጨርሶታልና። የእጅ ሥራዋን መዛነፍ ልተወው ወይስ ላስተካክለው የሚለውንም ያኔ አንቺው ትወስኛለሽ። ቅርስ ለመመዝገብ ከሆነ እንዳለ ተዪው። አናጺ ሊሠራው ከሆነ አስተካክዪው።

የትኛውን ሶፍትዌር ልማር ብለሽ ብዙ አትጨነቂ። ወጣቶች በዚህ ሲከራከሩ ስሰማ ይገርመኛል። ለሕንፃ ሥራ አውቶካድን፣ አርኪካድንና ሬቪትን ታገኛለሽ። ስኬችአፕ ለጀማሪ እጅ ይቀላል። ለማሽን ዕቃ ሶሊድወርክስ አለ። ፍሪካድና ብሌንደር ያለ ክፍያ ይገኛሉ። አንዱን በደንብ ያወቀ ወደ ሌላው ለመሻገር አይቸገርም። ሁሉንም የቀማመሰ ግን አንዱንም አያውቅም።

እኔን ብትሰሚኝ ግን በፍሪካድ ብትጀምሪ እወድ ነበር። ነጻ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መስመር ስትስይ ልኬቱንና ዝምድናውን እንድትነግሪው ይጠብቃል፤ ይህ ከዚያ ጋር እኩል ነው፣ ይህ ለዚያ ቀጥ ያለ ነው እያልሽ። ምንም ክፍት ሳይቀር ስትጨርሺ መስመሮቹ አረንጓዴ ይሆናሉ። እስከዚያ ድረስ ሥራሽ ገና ነው ማለት ነው። ይህ ዝምድናን የመንገር ሐሳብ ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ ስኬችፓድን ሲሠራ፣ በብርሃን እስክሪብቶ ስክሪን ላይ መስመር ይስል ነበር። እሱም ማሽኑ በመስመሮች መካከል ያለውን ዝምድና እንዲይዝ አድርጎ ነበር። አውቶካድ ለግል ኮምፒውተር የወጣው ከዚያ 19 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። የፍሪካድ ሰዎች ራሳቸው ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ2002 ለሕዝብ አቅርበው፣ 1.0 ብለው የሰየሙት እትም የወጣው በ2024 ነው። ለቸኮለ ሰው ጥሩ ትምህርት ነው፤ 22 ዓመት ሠርተው ገና አንድ አሉ።

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር በፍላሽ ይዘው ይመጡልሻል። አትቀበዪ። የሰው ላብ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ከሱ ጋር የሚገባው ቫይረስ ደግሞ ሌላ ነው። የወር ሥራሽን በአንድ ሌሊት ይበላዋል። አውቶዴስክ ለተማሪ በነጻ የሚሰጠው ፈቃድ አለ፤ የትምህርት ቤትሽን ማስረጃ ይዘሽ ጠይቂ። ቀጥተኛው መንገድ እያለ ለምን በጓሮ ትገቢያለሽ?

ስለ ልማድ ትንሽ ታገሺኝ። መጀመሪያ መለኪያውን እዪ። ፋይሉ በሚሊ ሜትር ነው ወይስ በሜትር? አንዱን በሌላው ስትከፍቺ ዕቃው አንድ ሺህ ጊዜ ይተልቃል ወይም ያንሳል። ሁለተኛ፣ በእውነተኛ ልኩ ሳዪ፤ ማሳነሱ ወረቀት ላይ ሲታተም ይደርሳል። ስኬችአፕ የምትሠሪ ከሆነ እያንዳንዱን ዕቃ እንደጨረስሽ ግሩፕ አድርጊ፤ አለዚያ ጠረጴዛውን ስታነሺ ወለሉ አብሮ ይጎተታል፤ የተጣበቀውን ሲያላቅቁ ማደር ነው። ግድግዳውን፣ በሩን፣ ኤሌክትሪኩን በየራሱ ሌየር ለዪ። ፋይሉን ደግሞ የመጨረሻ፣ የመጨረሻ የመጨረሻ፣ አሁን የመጨረሻ እያልሽ አትሰይሚ። ቀኑን ጻፊበት። መብራት የሚጠፋበት አገር ላይ ነን፤ በየጥቂት ደቂቃው ሴቭ አድርጊ። በሳምንት አንዴ ሌላ ቦታ ገልብጪው። ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ነገር ስለሆነ ነው ሰው የሚተወው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን ደግሞ አናጺውን አስቢልኝ። ንድፍሽን ተቀብሎ የሚሠራው እሱ ነው። የሚያብረቀርቀውን ሥዕል አይፈልገውም፤ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ውጭ ለውጭ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኪችን ካቢኔት አዘዝሽው እንበል። የኤምዲኤፉ ውፍረት 18 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ የጎን ሳንቃዎች 36 ሚሊ ሜትር ይወስዳሉ። ስለዚህ መሐል የሚገባው መደርደሪያ 564 ሚሊ ሜትር ነው እንጂ 600 አይደለም። አንቺ ሳንቃውን ውፍረት የሌለው ገጽ አድርገሽ ስለሽ 600 ብለሽ ከጻፍሽ፣ አናጺው 600 ይቆርጣል። መደርደሪያው አይገባም። ተመልሶ ቢቆረጥ ጠርዝ የተለጠፈበት ሁሉ ይላጣል። ገንዘቡ የማን ነው? የባለቤቱ ነው፤ ወይም የአናጺው የቀን ገቢ ነው። በስክሪን ላይ 36 ሚሊ ሜትር አይታይም። አናጺው ቤት ግን ጭቅጭቅ ነው።

ካቢኔቱ የሚቆምበትን ክፍልም ሄደሽ ለኪ። ስክሪን ላይ ማዕዘን ሁሉ 90 ዲግሪ ነው፤ ከተማችን ውስጥ ግን በብሎኬት ተሠርቶ የተለሰነ ግድግዳ ሁሉ እንደዚያ አይደለም። ግንበኞች የሚያደርጉትን አድርጊ። ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጊ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ አንድ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ካነሰ ጠቧል፤ ከበለጠ ሰፍቷል። ወለሉንም ሰያፍ ለሰያፍ ለኪው። ሜትር ከቦርሳሽ አይለይ። ሙያተኛ ሴት ያለ ሜትር ከቤት አትወጣም።

ስለ ሦስተኛው አቅጣጫ፣ ዜድ ስለምትሉት፣ አንድ ነገር ልበልሽ። ወጣቶች ዜድ የሚባለው ወደ ላይ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ፎቅ በፎቅ ላይ መደርደር። ሐዋሳ የሚኖር ሰው እንደዚያ ማሰብ የለበትም። ሐይቃችን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት ውኃ እዚያው ይቀመጣል፣ ይተናል ወይም ወደ መሬት ይሰርጋል። ስለዚህ ዝናብ ሲበዛ ሐይቁ ከፍ ይላል፤ በሐይቁ ዳርቻ ያለ መሬትም ትንሽ ሲቆፈር ውኃ ያወጣል። አንቺ ግን ቤትሽን ዜሮ ላይ፣ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ አስቀምጠሽ ወደ ላይ ብቻ ሠራሽ። መሬቱ ወዴት ያዘነብላል? የዝናቡ ውኃ ወዴት ይሄዳል? ፍሳሹ የሚወርድበት ጉድጓድ ስንት ሜትር ይወርዳል፤ ውኃ ቢያገኝስ? ከዜሮ በታችም ሳዪ። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተቀምጦ ቪዲዮ የሚሠራው ሰው የአንቺን መሬት አያውቀውም።

ይህን ሁሉ ስል የሩቁን አትመልከቺ ማለቴ አይደለም። ላሊበላን አስቢ። ቤተ ጊዮርጊስን የጠረቡት ሰዎች ከላይ ወደ ታች ነው የወረዱት። የመስቀሉን ቅርጽ ጣሪያው ላይ ወስነው፣ ዙሪያውን ቆፍረው፣ ውስጡን ቦርቡረው። እናንተ ኮምፒውተር ላይ ከጠጣር ነገር ቀንሶ ማውጣት ትሉታላችሁ። ልዩነቱ የእነሱ ቅነሳ አይመለስም ነበር፤ የተጠረበ ዓለት አይለጠፍም። ግድግዳው የት እንደሚቀር፣ መስኮቱ የት እንደሚከፈት መዶሻው ከመነሳቱ በፊት በአእምሮ ተቆጥሮ አልቋል። በእኛ ዘመን ደግሞ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት እነዚያን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በስሪዲ መዝግቧቸዋል። መሣሪያው የረቀቀ ነው። የት ይቁም፣ ስንት ጊዜ ይለካ ብሎ የሚወስነው ግን አሁንም ሰው ነው።

አንቺስ አጠገብሽ ምን አለ? የሲዳማን የቀርከሃ ቤት አስቢ። ቀርከሃው ተሰንጥቆ፣ ተጠልፎ፣ እየጠበበ ወደ ላይ ይወጣል። ቀጥ ያለ ግድግዳ የለውም፤ ማዕዘን የለውም። እሱን በስሪዲ አውጥቶ ማሳየት አሥር ቪላ ከመሥራት ይከብዳል፤ ያስተምራልም። በፊቼ ጊዜ ሰው ከከብቱ ጋር የሚሻገርበትን ሁሉቃ የተባለውን ቅስትም ሳዪ፤ ቅርጽ በጎበጠ መስመር ላይ እየተጎተተ እንዴት ቅስት እንደሚሆን ያስተምርሻል። ዝም ብለሽ ግን አትለኪ። ባለቤቶቹን፣ አባቶችን ጠይቂ፤ ሲፈቅዱልሽ ለኪ። ሲነግሩሽ ጻፊ። የትኛው እንጨት ቀድሞ እንደሚቆም፣ ለምን እንደዚያ እንደሚጠለፍ ፎቶ አይነግርሽም፤ እነሱ ይነግሩሻል።

እዚሁ ጉዱማሌም ለመለካት የሚሆን አይጠፋም። ዛፉን ውሰጂ። ላዩ ላይ መውጣት አይገባም፤ ክብር ያለበት ቦታ ነው። የአንድ ሜትር ዱላ አቁሚና ጥላውን ለኪ። ዱላው 80 ሳንቲ ሜትር ጥላ ሲጥል ዛፉ 12 ሜትር ከጣለ፣ ዛፉ 15 ሜትር ነው። ለዚህ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ፀሐይ ይበቃል።

ሥራ ይገኝበታል ወይ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። ከተማችንን ታያለሽ። በየሠፈሩ ብረት የሚበይድ፣ ቁም ሳጥን የሚሠራ፣ ፎቅ የሚያቆም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፋበት ነው፤ በዚያ ሙያ ደግሞ የሸሚዝ ንድፍ ሳይቀር በኮምፒውተር ይሠራል። ሥራ አለ፤ ለሚያስተማምን እጅ። ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። የሚያምር ሥዕል ስላወጣሽ ብቻ የሰው ቤት ፕላን ነው ብለሽ አትሽጪ። ምሰሶውንና ፌሮውን ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ያስላው፤ ሥራሽ ላይም ይፈርምበት። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ መሬት ይንቀጠቀጣል። ለጥቂት ሺህ ብር ብለሽ ቤተሰብ የሚተኛበትን ጣሪያ ኃላፊነት አትውሰጂ። ገንዘቡ ይመጣል። ስምሽ አንዴ ከተበላሸ ግን ከአናጺ ወደ አናጺ ይዞራል።

አንቺ ብልህ ልጅ ነሽ። ትንሽ ሆነሽ ሬዲዮ ፈታትተሽ መልሰሽ ስትገጥሚ አይቻለሁ፤ ያኔ ማንም ቪዲዮ አላሳየሽም። ያንኑ ትዕግሥት ነው የምለምንሽ። የዚህ ሳምንት ሥራሽ በርጩማዋ ትሁን። ሦስቱን እይታ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሥሪ፤ ልኬቱን ሁሉ ጻፊበት፤ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። መነጽሬን አድርጌ አየዋለሁ። እስከዚያው ላፕቶፑን አትክፈቺው። በጊዜ ተኚ፤ እናትሽንም ሰላም በይልኝ።